ባዶ ፋቂው

በዚያን ዘመን እኔ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣
አንድ ደነዝ መሮ ነበር ጠቅላላ ሀብቴ።
ከሱሚዳ ወንዝ ዳር፣ ከድልድዩ በታች፣
የጊሄይ ቤት ነበረች፣ ወደ ውኃው ያዘመመች።
እዚያ ነው ያደግሁት፣ በቼሪ ፍቅፋቂ፤
ጌታዬ መስመር ቀራጭ፣ እኔ ባዶ ፋቂ።

ሠዓሊ በስስ ወረቀት ሥሎ የሰደደው
በግንባሩ ተደፍቶ ከእንጨት ሲጣበቅ ነው
ሥራችን የሚጀምር። ቢላዋው መስመር ሲከተል
ሥዕሉ ይሞታል፣ እንጨቱ ሊወልድ ሲል።
መስመር ያልነካውን፣ የቀረውን ሜዳ፣
እኔ እፍቃለሁ፣ እስኪሆን ጐድጓዳ።
ጐድጓዳውን ቀለም አያገኘውም፤ ወረቀቱ እንደ ነጣ ይወጣል፤
ይህን የማያውቅ ሰው በረዶ በቀለም የሚሣል ይመስለዋል።

ካፓን ቀርጸናል፣ ከወንዝ የሚወጣ፣
አናቱ ላይ ውኃ ይዞ ለኪያር የሚመጣ።
ቴንጉን ቀርጸናል፣ አፍንጫው የረዘመ፣
ጥድ ላይ ተቀምጦ መነኩሴ ያስቀየመ።
ቀበሮዋን ሸጠናል፣ የሙሽራ ልብስ ለብሳ፣
ጅራቷ ከጫፍ ብቅ ያለ፣ ለልጅ ዓይን እንዳይረሳ።
እነዚህ ቀላል ናቸው። ሰው ይስቃል፤ ይገዛል፤
በአንድ ሳህን ኑድል ዋጋ ሰይጣን ይዞ ይገባል።

ኋላ፣ ብርዱ ሲበረታ፣ መጣች የበረዶዋ ሴት፣
መንገደኛን እፍ ብላ የምታጠፋ እንደ መብራት።
ሠዓሊው ፀጉሯን አልሣለም፤ ዳሩን ብቻ አበጅቶ
«የቀረውን ጊሄይ ያውቃል» ብሎ ጻፈ፣ ጥግ ላይ አስጠግቶ።

ጌታዬ ሰባት ሌሊት አጎነበሰ። ከመብራቱ ፊት
ውኃ የሞላ የብርጭቆ ኳስ፣ ብርሃን የሚሰበስብለት።
አንዷ የፀጉር ዘለላ ከሌላዋ ሳትነካ፣
እስትንፋሱን ውጦ፣ በፀጉር ፀጉር ለካ።
በስድስተኛው ሌሊት፣ ቢላዋው ሳይቆም፣
«ኦታኪ» አለ።

ሚስቱ ናት። ኤቺጎ እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ፣
ከተራራው የወረደ መንገደኛ ሁሉ ሲጠየቅ
አየኋት ያለ የለም።
እኔም የሰማሁ አልመሰልኩም።

የኔ ድርሻ በረዶው ነው። ከሴትዮዋ ኋላ
ሰፊ ነጭ ሜዳ፣ ዱካ የማይገኝበት፤
እግር የላትማ።
ፋቅሁ፣ ፋቅሁ፣ እጄ ዛለ፤ እንቅልፍ እንደ ሌባ ገባ፤
አንዲት ጉብታ አመለጠችኝ፣ ከሩዝ ፍሬ የማትገዝፍ፣ የማትረባ።

አታሚው ካንሱኬ ጥላሸቱን ቀብቶ፣
በቀርከሃ ቅጠል መዳመጫው አሽቶ፣
ሁለት መቶ ወረቀት ሲያወጣ ማን አየ?
ሁለት መቶ በረዶ ላይ፣ ሁለት መቶ ነጥብ ታየ።

አሳታሚው ጮኸ፤ «ቁረጡልኝ ይህን ቂንቁን!»
ጌታዬ ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ ወሰደው።
ቢላዋውን ጉብታዋ ላይ አሳረፈ።
እኔ ጆሮዬ እስኪግል ኩርኩሙን ጠበቅሁ።

«ይቺን ማን ተዋት?»
«እኔ።»
«ጣት ናት፣ ተረከዝ?»
ጥያቄው አልገባኝም። ግን ዝም ማለትም ፈራሁ።
«ተረከዝ» አልኩ።
«ወዴት የምትሄድ?»
ከውጭ የጀልባ ቀዛፊ ያስነጥሳል። ወረቀቱ ላይ
ሴትዮዋ ፊቷን አዙራለች፣ ተራራው ከኋላዋ።
«ወደዚህ» አልኩ። «ወደ እኛ።»

ቢላዋውን ጠረገና ሰገባው ውስጥ ከተተው።
አሳታሚው ከዋጋው ቀነሰ፤ ጌታዬ ከእራቴ ቀነሰ፤
በዚህ ተጨረሰ።

አሁን እኔም ሸበትኩ። ሰሌዳው ከኔ ዘንድ ነው፤
ስንት ሺህ ጊዜ ታትሞ ፀጉሯን መዳመጫው በላው፤
ያ ሰባት ሌሊት፣ ያ ጥበብ፣ ዛሬ ጭጋግ ይመስላል።
የኔዋ ጉብታ ግን፣ ድንቁርና መቼ ያልቃል፣
እንዳለች አለች፤ ደማቅ፣ ጥቁር፣ ወፍራም።

ጌታዬ እስኪሞት ድረስ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር፣
ማታ በሩን ሳይቀረቅር ይተኛ ነበር።
ተኝቼ እንደ ነበር
አልነገርኩትም።